ሦስት ፕሮፎርማ፣ አንድ ፋየርዎል

ባለፈው ሰሞን አንድ ወዳጄ ደወለልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ መካከለኛ ክሊኒክ ያስተዳድራል። ሁለት ቅርንጫፍ አላቸው። አርባ የሚሆን ኮምፒውተር፣ የታካሚዎች መረጃ የተቀመጠበት አንድ ሰርቨር፣ ሒሳብ ክፍል ውስጥ ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር፣ በየኮሪደሩ የደህንነት ካሜራ አለ። እንግዳ መቀበያው ላይ ደግሞ ለታካሚዎች የተለቀቀ ዋይፋይ አለ። «ፋየርዎል ያስፈልጋችኋል ተባልን። ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስበናል፤ የቱን እንግዛ?» አለኝ።

ፕሮፎርማዎቹን በቴሌግራም ላከልኝ። የትልቁ ዋጋ የትንሹ ሦስት እጥፍ ነው። ይዘታቸው ግን አንድ ዓይነት ነው። የመሣሪያው ስም፣ ሞዴል፣ ብዛት አንድ፣ ዋጋ፣ ቫት፣ ጠቅላላ ድምር። በሁለተኛው ዓመት ስንት እንደሚከፈል አንዳቸውም አይናገሩም። መሣሪያውን ማን እንደሚይዘውም አይናገሩም። እኔ ደግሞ ፋየርዎል ሲመረጥ ከብራንዱ በፊት መጠየቅ ያለባቸው እነዚህ ሁለቱ ናቸው ብዬ አምናለሁ።

ነገሩ የወዳጄ ብቻ አይደለም። ትምህርት ቤቱ፣ የቁጠባና ብድር ማኅበሩ፣ አስመጪው፣ በጎ አድራጎት ድርጅቱ፣ ሁሉም ሥራውን ወደ ኮምፒውተር እያዞረ ነው። ሁሉም አንድ ቀን እንደዚህ ያሉ ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ይመጡበታል።

በሩ ላይ ያለው ፈታሽ

መጀመሪያ መሣሪያው ምን እንደሚሠራ እንይ። አዲስ አበባ ውስጥ ወደ አንድ ትልቅ ሕንፃ ስትገቡ በሩ ላይ ፈታሽ ይቆማል። ፋየርዎልም የድርጅቱ ኔትወርክ ከኢንተርኔት ጋር በሚገናኝበት በር ላይ የቆመ ፈታሽ ነው። የመጀመሪያዎቹ ፋየርዎሎች አድራሻ ብቻ ነበር የሚያዩት። ከየት መጣህ፣ ወደየትኛው ክፍል ነህ፣ በቃ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የእስራኤሉ ቼክ ፖይንት በሰፊው ያስለመደው ዓይነት ደግሞ ማስታወስ ጀመረ። ከውስጥ ማን እንደወጣ፣ ምን ሊያመጣ እንደሄደ ይመዘግባል። የተላከው ሲመለስ ያስገባዋል። ማንም ሳይጠራው የመጣውን ይመልሰዋል። ቴሌ ከመስመሩ ጋር የሚሰጠን ራውተር እንኳን በትንሹ ይህን ይሠራል።

ሦስተኛው ትውልድ ቦርሳ ከፍቶ ያያል። ፓሎ አልቶ ኔትወርክስ እ.ኤ.አ. በ2007 የመጀመሪያ ምርቱን ካወጣ ወዲህ ገበያው በሙሉ ወደዚህ ሄዷል። ይህ ፌስቡክ ነው፣ ይህ ቪዲዮ ነው፣ ይህ ፋይል ውስጡ ቫይረስ አለ ብሎ ይለያል። ፕሮፎርማ ላይ «ኔክስት ጄኔሬሽን» ተብሎ የሚጻፈው ይኼ ነው።

ችግሩ፣ ዛሬ አብዛኛው ቦርሳ ተቆልፎ ነው የሚመጣው። ብራውዘራችሁ ላይ የምታዩት ኤችቲቲፒኤስ ቁልፉ ነው። ፈታሹ ቁልፉን ከፍቶ እንዲያይ ከተፈለገ የፋየርዎሉን ሰርተፍኬት (የማንነት ማረጋገጫ ፋይሉን) በየኮምፒውተሩ መጫን ግድ ነው። መሣሪያው በጣም ይጨናነቃል። አንዳንድ የባንክና የሞባይል መተግበሪያዎችም ሰርተፍኬቱን አይቀበሉም፤ አንሠራም ይላሉ። የሠራተኛን የግል መልእክት የማየት ጉዳይም አለበት። ስለዚህ ብዙ ድርጅት ለዚህ ችሎታ ከፍሎ አንድም ቀን ሳያበራው ይቀራል። ቦርሳው ሳይከፈት የሚሠራ ነገር ግን አለ። ፋየርዎሉ ቦርሳው ላይ የተጻፈውን መድረሻ አይቶ፣ መጥፎነታቸው የታወቀ አድራሻዎችን ይከለክላል። አርባ ኮምፒውተር ላለበት ቤት ይህ ትንሽ ጥቅም አይደለም። እኔ በክሊኒኩ ብሆን በዚህ እጀምራለሁ። መክፈቱን የማስበው ልምድ ያለው ሰው ሲኖር ነው።

ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ፍጥነት

ከሦስቱ አንዱ ፎርቲጌት 60ኤፍ ነው። አቅራቢው «10 ጊጋ ቢት በሰከንድ» ብሎ አድምቆ ጽፎታል። ውሸት አይደለም። ግን ይህ መሣሪያው የቦርሳውን ውስጥ ሳያይ፣ አድራሻ ብቻ እያየ ሲያሳልፍ ያለው ፍጥነት ነው። ያንኑ የአምራቹን ሰነድ ወደ ታች ስታነቡ፣ ጥበቃዎቹ ሲበሩ የሚኖረው ፍጥነት 700 ሜጋ ቢት እንደሆነ ታገኛላችሁ። ከአሥር አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ሁሉም አምራቾች እንዲሁ ነው የሚጽፉት። ትልቁ ቁጥር ከላይ፣ እውነተኛው ከታች። ማየት ያለባችሁ ሁሉም ጥበቃ በርቶ የተለካውን ነው።

ያም ሆኖ 700 ሜጋ ቢት ለክሊኒኩ ይተርፋል። የሚከፍሉበት የኢንተርኔት መስመር 50 ሜጋ ቢት ነው። በጣም ውዱ ፕሮፎርማ በመቶዎች የሚቆጠር ሠራተኛ ላለው ድርጅት የተሠራ መሣሪያ ነበር። «ትልቅ ይሻላል፣ ነገ እናድጋለን» ብሎ መግዛት እዚህ ላይ አያዋጣም። መሣሪያው በአምስት ስድስት ዓመት ያረጃል። እስክታድጉ ድረስ አምራቹ ራሱ ድጋፉን ያቆምበታል።

ከፍጥነቱ ይልቅ እኛ አገር የሚጠቅመው ሁለት የኢንተርኔት መስመር መቀበል መቻሉ ነው። የቴሌ ፋይበር መንገድ ሲቆፈር ይበጠሳል። ሳፋሪኮም እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሁለተኛ መስመር ከሌላ ኩባንያ መያዝ ይቻላል፤ የሲም ራውተርም ቢሆን ይበቃል። ጥሩ ፋየርዎል አንዱ ሲጠፋ ራሱ ወደ ሌላው ይዞራል። ዩፒኤስም (መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ) ያስፈልገዋል። መብራት በሄደና በመጣ ቁጥር ድርግም የሚል ፋየርዎል ዕድሜ የለውም።

ሁለተኛው ዓመት

አሁን ወደ ገንዘቡ። የፎርቲኔት፣ የሶፎስ፣ የፓሎ አልቶና የመሰሎቻቸው መሣሪያ ሲገዛ ሳጥኑ የዋጋው አንድ ክፍል ብቻ ነው። የቫይረስና የጥቃት ዝርዝሩ በየቀኑ እንዲታደስ ዓመታዊ ላይሰንስ ይከፈላል። ላይሰንሱ ሲያልቅ አብዛኞቹ ሥራ አያቆሙም፤ በሩን መጠበቃቸውን ይቀጥላሉ። አዲስ ጥቃት ግን አያውቁም። የዛሬ ዓመት በተሰጣቸው የተፈላጊዎች ፎቶ ነው የሚሠሩት። የሲስኮ ሜራኪ ደግሞ ከዚህ ይለያል። በተለመደው የላይሰንስ ዓይነቱ፣ ክፍያው አልቆ የ30 ቀን ዕፎይታው ካለፈ መሣሪያው ጨርሶ ማሳለፍ ያቆማል። ቢሮው ያለ ኢንተርኔት ይቀራል ማለት ነው።

ይህ ክፍያ በዶላር ነው የሚተመነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለምሳሌ የ600 ዶላር ላይሰንስ በበፊቱ ተመን 34,200 ብር ነው። በ100 ብር ሲሰላ 60,000 ይሆናል። ድርጅቱ አላደገም፣ ኮምፒውተር አልጨመረም፣ በጀቱ ግን አልበቃም። በዚያ ጊዜ «ዘንድሮ ይለፈን» ብለው ያላደሱ ድርጅቶችን አውቃለሁ። አልፈርድባቸውም። ደመወዝና ላይሰንስ ሲጋጩ ማን እንደሚቀድም ግልጽ ነው።

ስለዚህ ምክሬ፦ ፕሮፎርማ ስትጠይቁ የሦስት ዓመት ጠቅላላ ዋጋ ጠይቁ። ከተቻለ የሦስት ዓመቱን ላይሰንስ ከመሣሪያው ጋር አንድ ላይ ግዙ። ባንድ ላይ ሲገዛ በዓመት በዓመት ከማደስ ብዙውን ጊዜ ይረክሳል፤ ከምንዛሪ ድንጋጤም ያድናል። ይህን የማይችል ድርጅት ደግሞ ዓመታዊ ክፍያ የሌለውን መንገድ ቢመለከት ይሻለዋል።

ያ መንገድ አለ። ፒኤፍሴንስ እና ከእሱ ተገንጥሎ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ኦፒኤንሴንስ በነፃ የሚወርዱ ሶፍትዌሮች ናቸው። ሁለት የኔትወርክ ካርድ ባለው አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ይጫናሉ። ኔትወርክ መለያየት፣ ቪፒኤን (ከውጭ ሆኖ ወደ ቢሮው ኔትወርክ በተጠበቀ መንገድ መግባት)፣ ሁለት መስመር መያዝ፣ ሁሉንም ይችላሉ። የላትቪያው ማይክሮቲክም አለ። ዋጋው ርካሽ ነው፣ ላይሰንሱ አንዴ ከመሣሪያው ጋር ይመጣል፣ ብዙ የአገራችን ቴክኒሻኖችም ያውቁታል። ቦርሳ ከፍቶ የማየት ነገር ማይክሮቲክ ላይ አትጠብቁ። አድራሻና በር መጠበቁን ግን በደንብ ይሠራል፤ ሰው ካለው።

ማን ይይዘዋል?

አንድ ጊዜ አንድ ድርጅት ኔትወርካችን ቀርፋፋ ሆነ ብሎ ጠራኝ። ጥሩ ፋየርዎል ነበራቸው፣ ውድ ነው። ከፍቼ ሳየው ከመጀመሪያው መስመር ላይ አንድ ሩል፣ ማለትም ለፈታሹ የተሰጠ ትእዛዝ አለ። «ከየትም፣ ወደየትም፣ ማንኛውም ነገር ይለፍ» ይላል። የተከለው ቴክኒሻን አንድ ነገር አልሠራ ሲለው ለሙከራ ከፍቶታል። በኋላ ሊዘጋው ነበር። ሳይዘጋው ሄደ። ከዚያ ወዲህ ከአንድ ዓመት በላይ ማንም አልገባበትም። ፓስወርዱን የሚያውቅም ቢሮው ውስጥ አልነበረም። ለአንድ ዓመት ያህል በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ለቆመ ፈታሽ ሲከፍሉ ኖረዋል። ያን ቀን ያዘንኩትን ያህል በሥራዬ አዝኜ አላውቅም፤ ሰዎቹ ጥንቃቄ ብለው ገንዘባቸውን አውጥተው ነበርና።

የዓለምም ታሪክ ይህንኑ ነው የሚያሳየው። ፎርቲኔት በቪፒኤኑ ላይ የተገኘ አንድ ከባድ ቀዳዳን (ሌባ የሚገባበት የሶፍትዌር ስሕተት) እ.ኤ.አ. በ2019 ደፍኖ አፕዴት አወጣ። ብዙዎች አልጫኑትም። በ2021 የ87,000 ያህል የፎርቲጌት መሣሪያዎች የቪፒኤን ፓስወርድ በይፋ ተለቀቀ። ማይክሮቲክም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 የተገኘበትን ቀዳዳ ወዲያው ደፈነ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሜሪስ የተባለው የተጠለፉ መሣሪያዎች ሠራዊት የሩሲያውን ያንዴክስን በሰከንድ 21.8 ሚሊዮን ጥያቄ ሲያጥለቀልቀው፣ ከሠራዊቱ ብዙዎቹ በ2018 የተጠለፉት የማይክሮቲክ ራውተሮች መሆናቸውን ኩባንያው ራሱ ተናገረ። ሶፍትዌራቸውን ያደሱ ሰዎች እንኳን ፓስወርዱን ስላልቀየሩ ተይዘዋል። ፓሎ አልቶ በ2024፣ ሲስኮ በ2025 የየራሳቸው ከባድ ቀዳዳ ተገኝቶባቸዋል።

እነዚህን የምጠራው አንዱን ብራንድ ለማሳጣት አይደለም። የትም ብትሄዱ ቀዳዳ ይገኛል። ልዩነቱ ቀዳዳው በተሰማ በስንተኛው ቀን አፕዴት ይደረጋል የሚለው ላይ ነው። ይህን ደግሞ ሳጥኑ አይወስንም፤ የሚይዘው ሰው ነው የሚወስነው። ስለዚህ ቢሯችሁ ውስጥ ማይክሮቲክን እንደ እጁ መዳፍ የሚያውቅ ልጅ ካለ፣ ለእናንተ ማይክሮቲክ ከማንኛውም ውድ መሣሪያ ይሻላል። ሊኑክስና መሰል ነፃ ሶፍትዌሮችን የምትወድ፣ ማታ ማታ የምታጠና ልጅ ካለቻችሁ ኦፒኤንሴንስ ስጧት። አይቲ የሚባል ሰው ከሌላችሁና ኮምፒውተር ሲበላሽ ብቻ ሰው የምትጠሩ ከሆነ፣ ገጹ ቀላል የሆነና ራሱን በራሱ አፕዴት የሚያደርግ መሣሪያ ምረጡ። በየወሩ መጥቶ የሚያይ ባለሙያም በውል ያዙ። ውሉ ላይ የሚመጣበት ቀን ይጻፍ።

የፋየርዎሉ ማስተዳደሪያ ገጽ ደግሞ ከውጭ ኢንተርኔት ፈጽሞ መታየት የለበትም። ከላይ ከጠራኋቸው ጥቃቶች ብዙዎቹ የገቡት በዚያ ወይም በቪፒኤኑ መግቢያ ነው። «ከቤት ሆኜ እንዳየው» ተብሎ የሚከፈት ከሆነ ሌባውም ከቤቱ ሆኖ ያየዋል።

በግቢ ውስጥ ያሉ አጥሮች

ፋየርዎል ሲባል ሰው የሚያስበው ከውጭ የሚመጣውን ነው። ለአነስተኛ ድርጅት ትልቁ ጥቅም ግን ብዙ ጊዜ ውስጥ ነው ያለው።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2016 ሌቦች የባንግላዴሽ ማዕከላዊ ባንክ ኔትወርክ ውስጥ ገብተው፣ ኒው ዮርክ ከሚገኘው ሒሳቡ 951 ሚሊዮን ዶላር ለማዛወር ባንኮች የክፍያ ትእዛዝ በሚላላኩበት በስዊፍት መረብ ትእዛዝ ላኩ። አብዛኛው ተያዘ። 81 ሚሊዮኑ ግን ፊሊፒንስ ገባ፤ አብዛኛውም ጠፋ። በኋላ የባንግላዴሽ ፖሊስ መርማሪ ለሮይተርስ እንደተናገረው፣ ባንኩ ፋየርዎል አልነበረውም። የስዊፍት ኮምፒውተሮቹም ከሌላው የባንኩ ኔትወርክ አልተለዩም። የሚያገናኛቸው በ10 ዶላር የተገዛ አሮጌ ስዊች (ኮምፒውተሮችን በገመድ የሚያገናኝ ሳጥን) ነበር። አንዴ የትኛውም ኮምፒውተር ላይ የገባ ሰው ወደ ካዝናው መሄጃ አገኘ።

ወዳጄ ክሊኒክ ውስጥ ያለውን አስቡት። ታካሚው ስልኩን የሚያገናኝበት ዋይፋይና የታካሚዎች መረጃ ያለበት ሰርቨር አንድ ኔትወርክ ላይ ናቸው። ካሜራዎቹም እዚያው። ፒችትሪ ያለበት ኮምፒውተርም እዚያው። መቀበያው ላይ የተቀመጠ ማንኛውም ሰው ከሰርቨሩ ጋር አንድ ሳሎን ውስጥ ነው ያለው። ፋየርዎሉ ሲገባ መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ ይህን መለያየት ነው። እንግዳው ለብቻ፣ ካሜራው ለብቻ፣ ሰርቨሩ ለብቻ፣ ሒሳብ ክፍሉ ለብቻ። ለዚህ ቪላን (አንዱን ኔትወርክ በክፍል በክፍል መለያየት) የሚችል ስዊች ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ፋየርዎሉ ተገዝቶ ስዊቹ ስለሚረሳ ገንዘቡ ሜዳ ላይ ይቀራል። የትኛውም ፕሮፎርማ ላይ ስዊች አልነበረም።

ሌላም ነገር አገኘሁ። የክሊኒኩ ባለቤት ካሜራውን በስልካቸው እንዲያዩ መቅጃው በቀጥታ ለኢንተርኔት ተከፍቷል። ሒሳብ ሠራተኛዋ ቤቷ ሆና እንድትሠራ ደግሞ የኮምፒውተሯ ሪሞት ዴስክቶፕ (ኮምፒውተሩን ከሩቅ ሆኖ ማዘዣው) ተከፍቷል። ሁለቱም የተደረጉት በቅን ልብ ነው። ግን ፋይል ቆልፈው ገንዘብ የሚጠይቁ ሌቦች ሌት ተቀን እየዞሩ የሚያንኳኩት በትክክል እነዚህን በሮች ነው። መፍትሔው ቪፒኤን ነው። ሰውየው መጀመሪያ ፋየርዎሉ ዘንድ በፓስወርድና በስልኩ በሚመጣ ኮድ ይገባል፣ ከዚያ ነው ካሜራውን የሚያየው። አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ይህ እንዲሠራ መስመራችሁ ከውጭ የሚታይ የራሱ አይፒ አድራሻ ሊኖረው ይገባል። በሲም የሚሠራ መስመር ብዙውን ጊዜ የለውም። መሣሪያውን ከመግዛታችሁ በፊት የኢንተርኔት አቅራቢያችሁን ጠይቁ።

ለክሊኒክ የሕግ ጉዳይም አለ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መካከል ይቆጥረዋል። ከሕጉም በፊት ግን ሰዎቹ አሉ። የአንዲት እናት የምርመራ ውጤት ወጥቶ መንደር ቢሰማው አዋጅ አይመልሰውም።

ፋየርዎል የማይሠራውንም ልናገር። ሠራተኛ በፍላሽ ይዞት የመጣውን ቫይረስ አያይም። በክራክ የተጫነ ዊንዶውስን አያድንም። ተታሎ ፓስወርዱን የሰጠን ሰው አያስቆምም። ያለው ገንዘብ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ፋየርዎሉን ተዉትና ሁለት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ግዙ። የሰርቨሩን ባካፕ (የመረጃውን ቅጂ) እያፈራረቃችሁ ያዙበት፤ አንደኛው ሁልጊዜ ከኮምፒውተር ተነቅሎ ካዝና ውስጥ ይቀመጥ። ይህን ለሻጭ ብትነግሩት አይወደውም። እኔ ግን ከልቤ ነው የምለው።

በማን ስም ተመዘገበ?

ስለ ግዢው አንድ ቀሪ ነገር አለ። ፋየርዎል መለያ ቁጥር አለው። ያ ቁጥር በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ በአንድ አካውንት ይመዘገባል። ላይሰንስ የሚታደሰው፣ አፕዴት የሚወርደው፣ ዋስትና የሚጠየቀው በዚያ አካውንት ነው። አንዳንድ አቅራቢ በራሱ ስም ያስመዘግበዋል። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ቦታ ረክሶ ብታገኙ መሄድ ይቸግራችኋል። ከዱባይ በሻንጣ የመጣ ወይም ያገለገለ መሣሪያ ከሆነ ደግሞ በሌላ ሰው ስም ተይዞ ሊገኝ ይችላል። ርካሽ የሆነበት ምክንያት ያ ሊሆን ይችላል። ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት መሣሪያው በድርጅቱ ኢሜይል፣ በድርጅቱ ስም መመዝገቡን በዓይናችሁ እዩ። የአንድ ሠራተኛ የግል ጂሜይልም አይሁን። ሠራተኛ ይሄዳል።

ወዳጄ ለሦስቱም አቅራቢዎች አራት ጥያቄ ጽፎ ላከ። የሦስት ዓመት ጠቅላላ ዋጋው ስንት ነው? በማን ስም ይመዘገባል? አይቲያችንን ስንት ቀን ታሠለጥናላችሁ? ማታ ቢበላሽ ማን ስልክ ያነሳል? አንደኛው ሳይመልስ ቀረ። ሁለተኛው ዋጋውን ብቻ መለሰ። መካከለኛውን ዋጋ ያቀረበው አራቱንም መለሰ፣ ለስዊቹም አዲስ ፕሮፎርማ ጨመረ። እሱን መረጡት።

ክሊኒኩ ውስጥ አንዲት ወጣት አይቲ አለች። ተከላው ሲካሄድ ሦስት ቀን ከቴክኒሻኑ አጠገብ ቁጭ ብላ ራሷ እየጻፈች ነው የተሠራው። የካሜራውንና የሪሞት ዴስክቶፑን በር የዘጋችው እሷ ናት። በማግሥቱ ጠዋት ሎጉን (የፋየርዎሉን መዝገብ) ከፍታ ስታይ፣ ሌቦች ሌሊቱን ሙሉ ከተለያዩ አገሮች እነዚያን ሁለት በሮች ሲያንኳኩ አድረዋል። አሁን በየወሩ የመጀመሪያው ሐሙስ ማታ፣ የመጨረሻው ታካሚ ሲወጣ፣ ባካፕ ይዛ አፕዴት ትጭናለች። ከበድ ያለ ቀዳዳ ከተሰማ ደግሞ ሐሙስን ሳትጠብቅ ያንኑ ዕለት ትገባለች። ለእነዚያ ምሽቶች የትርፍ ሰዓት እንዲከፈላት ወዳጄ በደብዳቤ አጽድቆላታል።